ቆጠራው ሳይሞላ ሆድ አይዘጋም

ጥያቄ፦ ውድ ሲስተር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መሥራት ነው። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ግንባሩ ተፈንክቶ ሲሰፋ አብሬው ገባሁና ደሙን ሳይ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቦቼ «ይህ ሥራ ላንቺ አይሆንም» ይሉኛል። አባቴ ደግሞ «ቀዶ ሐኪም ካልሆንሽ እዚያ ገብተሽ መሣሪያ ማቀበል ምን ሥራ ነው?» ይለኛል። እውነት አይሆንልኝም?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ስለ መውደቅሽ እንነጋገር። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሊጥለኝ ነበር። ያስደነገጠኝ ደሙ አልነበረም፤ ደም የሚፈስባቸውን ትንንሽ ሥሮች እየተኮሰ የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሽታ ነው። ጆሮዬ ጭው አለ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ የቆምኩበት ወለል የራቀ መሰለኝ። አንዲት ነባር ነርስ ከኋላዬ ትከሻዬን ይዛ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችኝና «ሲመጣብሽ ወደ ኋላ ሽሺ እንጂ ወደ ጠረጴዛው አትውደቂ» አለችኝ። ዛሬ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

በሰውነትሽ የሆነው ይህ ነው፦ በድንጋጤው የልብ ምት ይቀንሳል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ አንጎል ለጥቂት ሰኮንዶች ደም ያንሰዋል። የድፍረት ማነስ አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ሐኪሞችና ነርሶች ያለፉበት ነው። ቁርስሽን በልተሽ ግቢ፤ ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ ሳትቆልፊ ቁሚ፤ ሲጀምርሽ የጭንና የባትሽን ጡንቻ ጥብቅ አድርገሽ ያዥ፣ ካልተሻለሽ ተናግረሽ ተቀመጪ። ደጋግሞ በማየት ይለቃል። ያለ ምንም ድንጋጤ ወይም ስትሮጪ የምትወድቂ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ልብሽን ሐኪም ይይልሽ።

አሁን ወደ አባትሽ ጥያቄ ልምጣ። አልቀየማቸውም፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው በእርግጥ ማቀበል ይመስላል። አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራቸው።

የድንገተኛ ጥሪ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ደም የሚፈስበት ወጣት። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ጎዙ፣ ደም የሚመጠጥበት ነጭ ጨርቅ፣ በብዛት ይገባል። ደም የጠጣ ጎዝ ደግሞ ጎዝ አይመስልም። ነጭነቱ ይጠፋል፣ ይኮማተራል፣ ከአንጀቱ እጥፋት ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና ልስላሴ ይይዛል። ዓይን ሊያልፈው ስለሚችል ነው በራጅ የሚታይ ክር የሚሸመንበት፤ ስለዚህም ነው ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቆዳው ሲሰፋም እንደገና በሁለት ሰው ድምፅ የሚቆጠረው። ያን ሌሊት 30 ገብቶ 29 ተቆጠረ። ደግመን ቆጠርን፤ 29።

«ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ይጎድላል» አልኩ።

«ሆዱን ዞሬ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም። ክር ስጪኝ» አሉ። ሊነጋ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሁላችንም ደክሞናል። ክር የገባበት መርፌ መያዣው ላይ ተነክሶ በእጄ አለ። የተዘረጋው መዳፋቸው ከፊቴ ነው። በዚያች ቅጽበት ትክክል መሆኔን አላውቅም ነበር። የማውቀው 29 ከ30 እንደሚያንስ ብቻ ነው። «ይቅርታ ዶክተር፣ አልሞላም» አልኩና መርፌውን ጠረጴዛዬ ላይ መለስኩት። ከራስጌ በኩል ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ ቀና ብሎ «የደም ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ጊዜ አለን» አለ። ያችን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳትም። ዶክተሩ እጃቸውን ወደ ሆዱ መለሱ፤ ከጠረጴዛው ውጭ ሆና ዕቃ የምታመላልሰው ተዘዋዋሪዋ ነርስ ደግሞ ባልዲ ውስጥ የተጣሉትን አንድ በአንድ እየዘረጋች ወለል ላይ ደረደረች። ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ኖሯል። 30።

ሆዱ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ትክክል ነበሩ። እኔም አላፈርኩም። ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው «ቆይ» ማለት አይችልም፤ ስለ እሱ «ቆይ» የሚል ሰው በክፍሉ መኖር አለበት፤ የኔ ሥራ ያ ነው። በሚቀጥለው ቀዶ ሕክምና እኚያው ሐኪም ክር ከመጠየቃቸው በፊት «ሲስተር፣ ሞልቷል?» አሉኝ።

ይህ የአንድ ክፍል ልማድ ብቻ እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አውጥቷል፤ የጎዝ፣ የመርፌና የመሣሪያ ቆጠራ አንዱ ነጥብ ነው። በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ይፋ የሆነው ውጤት፣ የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 መውረዱን አሳይቷል። ከዝርዝሩ የምወደው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ጮክ ብሎ የሚናገርበትን ነው። አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ኋላ ላይ «ይጎድላል» ለማለት አይከብደውም።

ለአባትሽ ሌላም ንገሪያቸው። የጎማ ጓንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው በአንዲት መሣሪያ አቀባይ ነርስ ምክንያት ነው። ካሮላይን ሃምፕተን ትባላለች። በ1889 ገደማ በአሜሪካ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ እጅ የሚታጠቡበት የሜርኩሪ ውሕድ ቆዳዋን ቢያቆስለው ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ስስ ጓንት አሠራላት። ለሷ እጅ ተብሎ የተሠራው ዛሬ የሕመምተኛውን ቁስል ከጀርም ይጠብቃል።

ሙያው አንድ በር ብቻ የለውም፤ ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ነርስ፣ መሣሪያ አጥቦ በአውቶክሌቭ፣ በግፊት በታመቀ ትኩስ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን፣ የሚቀቅል ባለሙያ አለ። የመጨረሻው ማንም የማያመሰግነው ሲሆን፣ እሱ ከተሳሳተ የሁላችንም ጥረት ከንቱ ነው። አልዋሽሽም፣ ሥራው ከባድ ነው፦ ለሰዓታት መቆም፣ የሌሊት ጥሪ፣ አንዳንዴ የተቻለው ሁሉ ተደርጎ የሚሞት ሰው አለ። ራስሽን በደም አትፈትኚ። አንድን ነገር ለአሥረኛ ጊዜ ስታደርጊ እንደ መጀመሪያው ትጠነቀቂያለሽ? ስትሳሳቺ ሳትደብቂ ትናገሪያለሽ? እነዚህ ካሉሽ ባዮሎጂና ኬሚስትሪሽን አጥብቀሽ ያዥ፣ ነይ።

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ከሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ ተነግሯታል። ሆዷ ባዶ እንዳይሆን ጠዋት ጥቂት ወተት ብንሰጣት ምን አለበት? የጥፍር ቀለሟንስ ለምን አስለቅቂ ይሏታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወተቱን አትስጣት። ሰመመኑ ሲሠራ ምግብ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያግደው የጨጓራ በር ይላላል፣ የማሳል አቅምም ይጠፋል፤ ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት የሚቆጠረው እንደ ምግብ ነው። የተለመደው ደንብ ቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ማቆም ነው፤ የምትከተሉት ግን የሷ የማደንዘዣ ባለሙያ የነገራትን ነው። ረስታ ብትቀምስ አትደብቁ። ቢዘገይ ወይም ቀኑ ቢዛወር ነው፤ ከመደበቅ የሚመጣው የከፋ ነው።

ጥፍሯን በተመለከተ፣ ጣቷ ላይ የሚሰካው መሣሪያ በጣቷ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ በደሟ ያለውን ኦክስጅን ይለካል፤ ቀለሙ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላት ታውልቅ፤ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በስሙ ጽፋችሁ ያዙ። ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ብትጠይቅ ማንም አይቆጣትም።

ስሟንና የሚደረግላትን የቀዶ ሕክምና ዓይነት ደጋግመው ይጠይቋታል፤ አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ከአልጋው አጠገብ፣ ሌላው ከማደንዘዣው በፊት። ረስተዋት ወይም ንቀዋት እንዳይመስላት አስቀድመህ ንገራት። ሦስት ጊዜ ቢጠይቋት ሦስት ጊዜ ሙሉ ስሟን ትመልስላቸው።