የአልዛይመር ተመራማሪ ለመሆን ሕክምና መማር ግድ ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጎንደር ባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነህ፣ አያትህ መርሳት ጀምረዋል፣ አልዛይመር ላይ ለመመራመር የግድ ሐኪም መሆን አለብኝ ወይ ብለሃል።

የለብህም። ከባዮሎጂ ተነስተህ በባዮኬሚስትሪ፣ በፋርማኮሎጂ፣ በኒውሮሳይንስ ወይም በኤፒዴሚዮሎጂ ማስተርስህን መሥራት ትችላለህ፣ ከዚያ ፒኤችዲ። ስታቲስቲክስን ግን አትሽሽ። እኔ ሸሽቼ ኋላ ብዙ ተቸግሬያለሁ።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። በሽታው በስሙ የተጠራው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በታካሚው አንጎል ውስጥ ያየውን ክምችት እ.ኤ.አ. በ1906 ተናገረ። ያ ክምችት የተሠራበት ፕሮቲን የተለየው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ክምችቱን የሚጠርገው ሌካነማብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ደግሞ በ2023። እሱም ቢሆን አያድንም፤ በ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ገደማ ነው ያዘገየው።

እኔን የለወጠኝ ግን ላብራቶሪ አይደለም። ለማስተርስ ጥናቴ እዚሁ ጎንደር ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ አረጋውያንን እጠይቅ ነበር። የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚለካው መጠይቅ ከውጭ የመጣ፣ ከ30 የሚታረም ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ሲሸጡ የኖሩ። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ስላቸው "ሚካኤል ነዋ!" አሉኝ። ወረቀቱ ቁጥር ይፈልጋል፣ ዜሮ ሰጠኋቸው። ሥዕል እንዲገለብጡ እርሳስ ሰጠኋቸው። እንደ ዘነዘና በመዳፋቸው ጨበጡት። "ልጄ፣ እጄ ይህን አያውቅም" አሉ። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ ስላቸው ዝም። ልጃቸው ከጓዳ "በብር ጠይቃቸው" አለችኝ። "እማማ፣ 100 ብር ይዘው የ7 ብር ጨው ቢገዙስ?" 93፣ 86፣ 79 እያሉ ወረዱት።

ማታ ወረቀቶቹን ዘርግቼ ሳይ ደነገጥኩ። ሚካኤል በ12 ነው። ቀኑም 12 ነበር። ስንቱን ጤነኛ ሰው "የመርሳት ችግር አለበት" ብዬ ይሆን? ለአማካሪዬ ነግሬ የሄድኩበትን ቤት ሁሉ እንደገና ዞርኩ። በተቃራኒውም አጋጥሞኛል፦ ዳዊት በቃላቸው ሳያዛንፉ የሚደግሙ፣ የልጃቸው ስም ግን የጠፋባቸው መሪጌታ።

ፊደል ላልቆጠረ ሰው፣ በበዓል ቀን ለሚቆጥር ሰው የሚሆን መመርመሪያ ከሌለን በሽታው ስንት ሰው እንደያዘ እንኳ መቁጠር አንችልም። ይህን ሥራ ደግሞ ከአንተና ከእኔ በተሻለ ማን ይሠራዋል? ወገራም ደምቢያም ሄደህ ቡና ተፈልቶልህ የምትጠይቀው አንተ ነህ።

አያትህን ግን "አርጅተው ነው" ብላችሁ አትተዋቸው። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የጆሮ መድከም እንኳ መርሳት ሊመስል ይችላል። አብዛኛው ይታከማል። ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ያዝና መቼ እንደጀመራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው እንደሆነ፣ ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምሩ እንደሆነ ከነቀኑ ጻፍ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።