የግቢ ካሜራ የት ይሰቀል? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው፤ መቀመጫዬ ደብረ ብርሃን። ከቤት ውጭ ስለሚሰቀል ካሜራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝን ግን ዘልያለሁ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ነገ ገበያ ላይ አይገኝም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)፦ ካሜራውን ፎቁ ላይ፣ ጣሪያው ሥር አሰቅያለሁ። ግቢው በሙሉ ይታየኛል። በቀደም ግን በር ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ካሜራው ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ካሜራው ምንም አልሆነም፤ የተሰቀለበት ከፍታ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚያየው ኮፍያና ጋቢ ነው። በዚህ ብርድ ደግሞ ጠዋትና ማታ ሰው ሁሉ ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ፊት እንዲታይ ከተፈለገ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ በቂ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ እጅ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ነገር ሌንሱ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 100 ዲግሪ ስለሚያይ ሻጩም ገዢውም ይወደዋል። ነገር ግን የማያውቁትን ሰው ፊት በእርግጠኝነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራበት ነጥብ) ያህል ያስፈልጋል። ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ በ2.8 ሌንስ ይህን የሚሰጠው እስከ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሜትር ይደርሳል። በምትኩ እይታው ወደ ግማሽ ይጠባል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ ሥራ ብቻ ይስጡት፦ ወይ «ማን ነው?» ይመልስ፣ ወይ «ምን እየሆነ ነው?»። ሁለቱንም ከአንዱ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ጣሪያው ሥር ያለውን አይንቀሉት፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ነው። ለበሩ ሌላ አንድ፣ ዝቅ ያለና ጠባብ እይታ ያለው ይጨምሩ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ የግቢዬ በር ወደ ምዕራብ ነው። ከቤት ወደ በሩ የሚያየው ካሜራ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የሚያሳየኝ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

መልስ፦ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየመታችው ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናት ስለማትርቅ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያይ ካሜራ ብዙ አይቸገርም። ጣጣው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ካሜራውን ከቤቱ አንሥተው በአጥሩ ውስጠኛ ጎን ላይ፣ በሩን በአግድም እንዲያይ ያድርጉት። ማዛወር ካልተቻለ ከሴቲንጉ ውስጥ «ደብሊው ዲ አር» (WDR) የሚለውን፣ ብሩሁንና ጨለማውን የሚያመጣጥነውን ያብሩ። ይሻሻላል፣ ተአምር ግን አይጠብቁ።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ጉም ሲወርድ ማታ ማታ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ከጣርማ በር የሚወርደውን ጉም አሳልፎ የሚያይ የቤት ካሜራ የለም። ያ ነጭ ግን ጉሙ ብቻ አይደለም። ካሜራው በጨለማ ለማየት የራሱን የማይታይ ብርሃን ይለቃል፤ ጉሙ ደግሞ ያንኑ ብርሃን መልሶ ሌንሱ ላይ ይረጨዋል። ካሜራው የሚለቀውን ያንን ብርሃን አጥፉትና ከካሜራው ራቅ አድርጋችሁ፣ በር አካባቢ አንድ አምፖል አብሩ። ቅርብ ቅርቡ ይታያችኋል።

ጉም በሌለበትም ምስሉ ነጭ የሚሆንባችሁ አላችሁ። ካሜራው ግድግዳ ወይም አሸንዳ በጣም ተጠግቶ ከሆነ ብርሃኑ እዚያ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ትንሽ ወደ ውጭ አውጡት። የሸረሪት ድርም ያው ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ በውርጩ ጊዜ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ምስሉ ይደበዝዛል። ብርዱ ካሜራውን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አብዛኞቹ የውጭ ካሜራዎች ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ብርድ እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ የመንዝ ብርድ እዚያ አይደርስም። መስታወቱን በእጅዎ ጠረግ ያድርጉት። ከጠራ ጤዛ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሲያስገቡት ይቀንሳል። ጉልላት ያለው፣ ዶም የሚባለው ዓይነት ጤዛ ስለሚይዝ ለደጋ አልመርጠውም። ተጠርጎ ካልጠራ ግን እርጥበቱ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ጊዜ የሚገባው በገመዱ በኩል ነው።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ልጄ፣ ልጆቼ ከውጭ አገር ካሜራ ላኩልኝ። ቤቴ የጭቃ ነው። ይይዘዋል ወይ?

መልስ፦ ይይዘዋል እማማ፣ ጭቃው ሳይሆን እንጨቱ። ጭቃ ላይ የገባ ቡሎን በክረምት እርጥበት ይላቀቃል። ገጣሚው ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ቋሚውን ይፈልግ። በሁለት ቋሚዎች ላይ አንድ ጣውላ ይምታና ካሜራውን ጣውላው ላይ ይሰር። ብሎኬት ቤት ላላችሁ፦ በትራፓኖ በስቶ በፊሸር ማሰር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ወሬ የለውም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ በቆርቆሮ አጥር ላይ ብሰቅለውስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ስልክህም ሌሊቱን ሙሉ «እንቅስቃሴ አለ» እያለ ይጮሃል። የባህር ዛፍ ምሰሶም ሲደርቅ ይጣመማል፤ ዛሬ በሩን ያየው ካሜራ ከወራት በኋላ የጎረቤትን ጣሪያ ያያል። ቱቦላሬ በኮንክሪት ትከል።

ጥያቄ (ከብዙዎች)፦ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተዝረክርኮ አስጠላን።

መልስ፦ ማስጠላት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ካሜራ በብዛት የሚሞተው በገመድ መጋጠሚያው ነው። ካሜራው «አይፒ 67» (ውሃና አቧራ አያስገባም) ቢባልም፣ ውሃ የማያስገባው አካሉ ነው እንጂ ከጀርባው የተንጠለጠለው ሶኬት አይደለም። መጋጠሚያው ከካሜራው ጀርባ በሚታሰር ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ገመዱ ደግሞ በፕላስቲክ ቱቦ ይሂድ። ወደ ቤት የሚገባበት ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ ያዘንብል። ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይከተለውም። ቀዳዳው በሲልከን ይደፈን። ኤሌክትሪኩም ኢንተርኔቱም በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚሄድ ከሆነ ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ከዋናው የመብራት መስመር ጋርም በአንድ ቱቦ አታስኪዱት።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ቀረጻውስ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ (ዩፒኤስ) ካሜራውን ብቻ ከያዘ ዋጋ የለውም፤ መቅረጫውና ራውተሩም በእሱ ላይ ይሁኑ። ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢጽፍ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ይወስዳል። አራት ካሜራ ከሆነ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ያህል ይይዛል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የጎረቤቴ ካሜራ ጓሮዬን ያያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጣላትዎ በፊት ስክሪኑን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ወደ እርስዎ ግቢ ያየ የመሰለ ካሜራ ብዙ ጊዜ የራሱን አጥር ነው የሚያየው። እውነትም ጓሮዎን ካየ፣ ያንን ቦታ ብቻ በጥቁር የሚሸፍን ቅንብር አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ አለ። እምቢ ካለም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን እንደሚጠብቅ ያስታውሱት።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ አቧራውን በምን ላጽዳው?

መልስ፦ መጀመሪያ ውሃ ያፍስሱበት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት። በደረቁ ከፈተጉት ይጫጫራል።