ቂብላ፣ ሱብሂና ግርዶሽ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ አሰላሙ ዓለይኩም ኡስታዝ። ለመስጂድ መሠረት ልናስቆፍር ነው፤ የሁለት ሰው ስልክ ቂብላውን (ስንሰግድ የምንዞርበትን፣ በመካ ወዳለው ካዕባ የሚያመራውን አቅጣጫ) ለየቅል ያሳያል። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። መሠረት በስልክ አይወጣም። ከባሕር ዳር ካዕባ የሚገኘው ከእውነተኛው ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው፤ ከሞጣና ከደብረ ማርቆስ 10 ገደማ ይሆናል። የስልክ ኮምፓስ የሚከተለው ማግኔትን ስለሆነ አጠገቡ ፌሮ፣ ቆርቆሮ ወይም ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካለ ይሳሳታል።

ፀሐይን ተጠቀሙ። ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6፡18 ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የሳዑዲና የእኛ ሰዓት እኩል ስለሆነ መደመር መቀነስ የለም። ከባላ ላይ 2 ሜትር የቱንቢ ገመድ አንጠልጥሉ፣ መሬቱን ደልድሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የገመዱ ጥላ ያረፈበትን አስምሩ። ከጥላው ጫፍ ወደ ቱንቢው የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው።

ጥላው 36 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በገመድ ፋንታ ዘንግ ብትተክሉና 1 ዲግሪ ቢያዘም መስመሩ ከ5 ዲግሪ በላይ ሊስት ይችላል። አንድ ቀን ቢያልፋችሁ ግድ የለም፤ አንድ ደቂቃ ብትዘገዩ ግን ከ1 ዲግሪ በላይ ትስታላችሁ። ስለዚህ ሰዓታችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ። ሐምሌ 8 እና 9 ከቀኑ 6፡27 ላይም ዕድሉ ይመለሳል፤ የጎጃም የሐምሌ ደመና ግን አያስተማምንም።

ይህ ሥራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሙስሊሙ የሥነ ፈለክ ሊቅ አል-ቢሩኒ በ1025 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ትልቅ የልኬት ሥራ ዓላማው የጋዝናን (በዛሬዋ አፍጋኒስታን ያለች ከተማ) ቂብላ ማግኘት ነበር። የመሬትን ክብነት ታሳቢ ያደረገውን ያን ከባድ ስሌት የቀሰቀሰው የሶላት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ በአንዱ አፕ ሱብሂ (የንጋት ሶላት) ከሌላው 18 ደቂቃ ይቀድማል። አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ሁለቱም በትክክል አስልተዋል፤ የተለያዩት በመነሻው ነው። ጎህ ቀደደ የሚባለው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው? የግብፁ አሠራር 19.5 ይላል፣ የዓለም ሙስሊም ሊግ 18፣ የሰሜን አሜሪካው 15። 1 ዲግሪ 4 ደቂቃ ያህል ነው። የአፑን ማስተካከያ ከፍታችሁ መስጂዳችሁ የሚከተለውን ቁጥር ምረጡ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ግርዶሽ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ከታወቀ፣ ሶላቱ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጨልም ሰዎች «ለእሱ አዝና ነው» አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት አይጋረዱም፣ የአላህ ተአምራት ናቸው ብለው ወደ ሶላት ጠሩ። ሶላቱ የታዘዘው መንስኤው ስላልታወቀ አይደለም፤ የመንስኤው መታወቅም አያስቀረውም። የሃይማኖት ሊቁ ኢማሙ ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳል ሲሉ ጽፈዋል። ሳይንስን ገደሉ ተብለው የሚወቀሱት እሳቸው መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ልጄ ፊዚክስ ይማራል። «ሁሉም ግኝት በቁርኣን አለ» የሚሉ ቪዲዮዎች ላሳየው?

መልስ፦ እኔ አልመክርዎትም፣ አባባ። አንቀጹን ዛሬ ካለው ንድፈ ሐሳብ ጋር ካሰሩት፣ ንድፈ ሐሳቡ ነገ ሲሻሻል ልጁ የሚጠራጠረው ቁርኣኑን ነው። ደግሞም ግኝቱ ከወጣ በኋላ አንቀጽ መፈለግ አንድም ልኬት አያስተምረውም።

ይልቁንስ ብርሃንን ያጠናውን የጥንቱን ሙስሊም ሊቅ የኢብን አል-ሀይሰምን ሙከራ ይሥራ። ማታ ከቤት ውጭ ሦስት ሻማ ጎን ለጎን ያብራ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በመስኮቱ ላይ በለጠፈው ካርቶን የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ይብሳ። ከቀዳዳው ወዲህ በያዘው ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት የብርሃን ነጥብ ያያል። ነጥቦቹ ከተደራረቡ ሻማዎቹን ያራርቃቸው። ከዚያ የግራውን ሻማ አንድ ሰው በእጁ ይጋርድለት፤ የሚጠፋው የቀኙ ነጥብ ነው። ሦስቱ ብርሃኖች በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፉ እንዳልተቀላቀሉና ቀጥ ብለው እንደሚሄዱ በዓይኑ ያየዋል።