«ቲካፕ ፑድል ልግዛ ወይ?» ላልሽው እህት፦ መጀመሪያ አፉን ክፈቺ

እህቴ፣ «ሻጩ ቲካፕ ፑድል ነው፣ 3 ወሩ ነው፣ ከዚህ ብዙም አያድግም ይለኛል፤ ቲካፕና ቶይ ልዩነታቸው ምንድነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ፎቶውንም አየሁት። ቡችላው ከቡና ስኒ አጠገብ ተቀምጧል። እኔም የገዛሁት ስኒ አጠገብ የተቀመጠ ቡችላ ነበር። ስለዚህ ረዘመ ብለሽ አትለፊው።

1. ፑድል በሚባለው ጸጉረ ጥቅልል የውሻ ዝርያ ላይ ቲካፕ (የሻይ ስኒ) የሚባል መጠን የለም። የውሻ ዝርያ መስፈርት የሚያወጡት ማኅበራት፣ የአሜሪካው ኬኔል ክለብም፣ የእንግሊዙም፣ ዓለም አቀፉ ኤፍሲአይም አያውቁትም። የሻጭ ቃል ነው። ፑድል ላይ የመጨረሻው ትንሹ ቶይ ነው፣ አለቀ። ሺትዙ በሚባለው ዝርያ ላይ «ኢምፔሪያል» የሚሉሽም እንደዚሁ ነው። በደላላ ቋንቋ ቲካፕ ማለት «ዋጋው እጥፍ ነው» ማለት ነው። እኔ እጥፉን ከፍያለሁ።

2. ቶይ፣ ሚኒ የሚባለውም ቢሆን የሚለካው ውሻው አድጎ ሲጨርስ ነው። ፑድል በኪሎ ሳይሆን በቁመት ነው የሚመደበው። ቁመት ሲባል ደግሞ እስከ ጆሮው አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከመሬት እስከ ትከሻው አናት ነው። አሜሪካኖቹ ቶይ የሚሉት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ነው። ኤፍሲአይ ከ24 እስከ 28 ይላል። ዮርኪ ከሆነ ግን ኪሎ ነው የሚታየው፣ ጣሪያው 3.2። ቺዋዋም በኪሎ ነው። ያ ወገበ ረጅሙ ዳክስሁንድማ ይባስ ብሎ በኤፍሲአይ የደረቱ ዙሪያ ነው የሚለካው፣ ልክ ልብስ ሰፊ ጋ እንደሄደ ሰው። ስለዚህ «ትንሽ ውሻ ስንት ኪሎ ነው?» ለሚልሽ ሰው «የየትኛው ዝርያ?» በይው።

3. ዋናው ይሄ ነው፤ ዕድሜው። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። አንቺም ከከተማ ወጣ ብለሽ ነው የምትኖሪው መሰለኝ፣ የንጋቱን ብርድ ታውቂዋለሽ። ደላላው «3 ወሩ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ባለሱቃችን ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ፌስታል አንጥፎ መዘነልኝ። 700 ግራም። የትንንሽ ዝርያ ቡችላ በ12 ሳምንቱ የሚመዝነውን በሁለት ብታባዢው ሲያድግ የሚደርስበትን ትገምቺያለሽ ይባላል። አባዛሁ። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ! ለሚስቴ በኩራት ነገርኳት። ልጄ ወዲያው ስም አወጣችለት፣ ስኒ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ልጄ እየጮኸች ቀሰቀሰችኝ። ስኒ ተዘርግቷል። ድዱ ገርጥቷል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። እኛ እንደ ትልቅ ውሻ ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር የምናበላው። በጋቢ ጠቅልዬ ወደ አዲሱ ገበያ ወረድኩ፣ ከዚያ ሰው የጠቆመኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ «ይሄ ውሻ ነው አይጥ?» አለችኝ። ሳቀች። ከዚያ «ተራህን ጠብቅ»። ከፊቴ ያለው ተረኛ ጥፍር ለማስቆረጥ የመጣ ግብዳ ውሻ ነበር። ሐኪሙ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ባይል ኖሮ ስኒ እዚያ ወንበር ላይ ያልቅ ነበር። እስከ ዛሬ ባለፍኩ ቁጥር ያንን በር በክፉ ዓይን ነው የማየው።

ሐኪሙ ምንም አላወራም፣ መጀመሪያ ግሉኮስ ድዱ ላይ ቀባው። ስኳሩ ወርዶ ነው። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ አፉን በአውራ ጣቱ ከፈተና አሳየኝ። የፊቶቹ ጥርሶች ወጥተዋል። የኋላዎቹ ገና ድዱን እየወጉ ነው። «3 ወር አሉህ? ይሄ አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ከእናቱ ጡት ነው ነጥቀው የሸጡልህ» አለኝ። 28ቱ የወተት ጥርሶች በ8 ሳምንት አካባቢ ወጥተው ያልቃሉ። እኔ ዝርያው ትንሽ ነው ብዬ እጥፍ የከፈልኩት ለካ ልጅነቱን ነው! ሻጩ የሰጠኝ ካርድ ላይ «የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል» ይላል፤ እሱም ገደል ገባ፣ እውነተኛ 3 ወሩን ሲሞላ እንደ አዲስ ተከተበ።

የሂሳቡም ነገር እንደዚያው ነው። ዕድሜው ውሸት ከሆነ በሁለት ብታባዢ በአስር ዋጋ የለውም። ስኒ ዛሬ 36 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ ኪሎው ሰባት ደርሷል። አሜሪካ ቢሄድ ሚኒ ነው፣ እዚያ እስከ 38 ይፈቀዳል። በኤፍሲአይ ደግሞ 35ን ስላለፈ መካከለኛ ይባላል። ሱሉልታ ላይ ብቻ ነው ቲካፕ የነበረው። (ጸጉሩን ራሴ ነኝ የምቆርጠው፣ ሰው ሁሉ የት ነው የምታሠራው ይለኛል። ማታ ጅብ ሲመጣም ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።)

«የእኔኛው ግን እውነት 3 ወሩ ቢሆንስ?» ካልሽ ያኔ ይባስ ፍሪ። በዚያ ዕድሜ 700 ግራም የሆነ ቡችላ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሲዘል ይሰበራል። ቀን በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ማብላት አለብሽ፣ ሌሊትም መነሳት አይቀርም። ስኳሩ ሲወርድ ድዱ ላይ የምትቀቢው ማር ከቤት አይጥፋ። ሥራ ውለሽ ማታ የምትገቢ ከሆነ ተዪው።

4 ይሁን 5 እንጃ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሹራብና ማሰሪያ ስትገዢም «ኤስ» የሚለውን ጽሑፍ አትመኚ። የአንዱ ፋብሪካ ኤስ የሌላው ኤም ነው። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክተሽ ሂጂ። እኔ ጋ አንገቱን እንኳን ያላስገባ ሮዝ ሹራብ አለ፣ ከፈለግሽ ውሰጂው።

እናቱን አሳየኝ በይው። «ክፍለ ሀገር ናት» ካለሽ ቀብድ እንዳትሰጪ። እናቱን ካሳየሽ ደግሞ ቁመቷን እዚያው ለኪ። ከመክፈልሽ በፊት የአፉን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የኋላ ጥርሱ እንዲታይ ብርሃን ላይ አድርገሽ አንሺው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ኦንላይን አለሁ።