መጽሐፍ ለሚሸሽ ልጅ፦ ቤት ለምታስተምሩ ወጣቶች

ይድረስ ልጃችሁን ወይም ታናሽ ወንድም እህታችሁን ቤት ውስጥ ማስተማር ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሥራ የጀመሩ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ሒሳቡን ይሠራል፤ ሲነገረው ቶሎ ይገባዋል፤ መጽሐፍ ሲያይ ግን ይጠፋል። ምን ዓይነት መጽሐፍ ብንገዛለት ይሻላል?» ለጊዜው ምንም አትግዙ። «ማንበብ አልወድም» የሚል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ አንድ የከበደው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ራሱም አያውቀውም። እናንተም ሳታውቁት የምትገዙት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሆኖ በየቀኑ ይወቅሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በአንድ አጭር ስሌት አስቀምጠውታል፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደል አጣምሮ ቃል የማውጣት ችሎታ በቋንቋ ችሎታ ሲባዛ ነው። ድምር ሳይሆን ብዜት መሆኑን ልብ በሉ፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዜሮ ነው። ታሪኩን ሲሰማ የሚፈነድቅ፣ ገጹ ላይ ሲደርስ ግን የሚደነቃቀፍ ልጅ የጎደለው የመጀመሪያው ነው። ገጹን ሳይደናቀፍ ጨርሶ «ምን ተባለ?» ሲሉት ዝም የሚለው የጎደለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ኖሮት መጽሐፍ የማይከፍትም አለ። «ደስ የሚል መጽሐፍ ፈልጉለት» የሚለው የተለመደ ምክር በትክክል የሚሠራው ለዚህ ለመጨረሻው ብቻ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ክብደታቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ እያንዳንዳቸው 100 ቃል አካባቢ ያላቸው ሁለት ጽሑፎች አዘጋጁ። አንዱን እናንተ አንብቡለትና በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገራችሁ። ሌላውን እሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እናንተ የተሳሳተውንና ቆሞ የቀረበትን ቃል ብቻ ቁጠሩ። ከ100 ቃል 1 ብቻ ወይም ምንም ካልሳተ ያን ዓይነት ጽሑፍ ብቻውን ይወጣዋል። እስከ 5 ከሳተ አጠገቡ ሰው ካለ ይማርበታል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጽሑፉን አንሡለት፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ትግል ነው። እነዚህ ወሰኖች ቤትስ የተባለ የንባብ ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 ካስቀመጣቸው ጀምሮ በመምህራን ዘንድ ይሠራባቸዋል፤ የወጡት ግን ለእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዳልመጡላቸው» አንድ ቃል ሆኖ አንድ ሙሉ ሐረግ ይሸከማል። ስለዚህ ለጀማሪ 60 ቃል ይበቃል፤ ያኔ 3 ስሕተት የ5ቱን፣ 6 ስሕተት የ10ሩን ቦታ ይይዛል።

ፈተናው የመጀመሪያውን ጉድለት ካሳየ፣ ስሕተቱ የት የት እንደሚወድቅ ተመልከቱ። በአማርኛ ሦስት ቦታዎች ደጋግመው ይመጣሉ።

አንደኛው ፊደልን በዜማ ብቻ መያዝ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ልጁ ከ«ሀ ሁ» እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት ሊወርደው ይችላል። ሃያ ፊደል አዘበራርቃችሁ ጻፉና ጠይቁት። ያኔ «ሁ»ን ለማወቅ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ሲመጣ ታዩታላችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ገበታውን ዳግም ቢያዜም ምንም አይጨምርለትም። በቀን 5 ወይም 6 ፊደል ብቻ፣ ከቦታቸው አውጥታችሁ፣ በካርድ እያደባለቃችሁ አስለዩት። በተለይ በአናታቸው ባለች ጭረት ብቻ የሚለያዩትን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አቅርቡ፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ። ሣልስና ኃምስም እንዲሁ ይምታታሉ፤ ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ያለፈው ፊደል ላይ ተለጥፎ ይዘጋል፤ ጽሑፉ ግን ይህን አያሳይም። ልጁ «ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት» ብሎ አምስቱንም በትክክል ይጠራና ቃሉን አይሰማውም። «እንደገና አንብበው» ብትሉት ያንኑ ይደግማል። «ትም–ህርት» ብላችሁ ለሁለት ከፍላችሁ አሳዩትና ራሱ አፍጥኖ ይግጠመው።

ሦስተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና»፣ «ገና»፣ «አለ» ጠብቀውም ላልተውም ይነበባሉ፤ የሚለያቸው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ብቻ ነው። ልጁ አላልቶ ማንበብ ያለበትን ቢያጠብቅ ከስሕተት አትቁጠሩበት። ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስና ካልገጠመው ራሱ ይመለሳል። ተመልሶ ካስተካከለ ደግሞ እየተረዳ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን ከዚህ የተሻለ ምልክት አትጠብቁ።

እንዲህ ለሚደነቃቀፍ ልጅ የተፈተነ ዘዴ አብሮ ማንበብ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መጽሐፉን እሱ ይያዝ፣ እሱም ይምረጠው። ሁለታችሁም በአንድ ድምፅ፣ በእሱ ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ብቻውን መቀጠል ሲፈልግ ጠረጴዛውን አንዴ መታ ያደርጋል፤ እናንተ ወዲያው ዝም ትላላችሁ። ሲሳሳት ወይም ሲቆም 4 ወይም 5 ሰከንድ ጠብቁ፤ ካላስተካከለ ቃሉን ንገሩት፣ ይድገመው፣ እንደገና አብራችሁ ቀጥሉ። እንደገና መታ እስኪያደርግ ድረስ አብራችሁት ሁኑ። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ሳይቋረጥ 6 ሳምንት። ከዚያ በፊት ሠራ አልሠራም አትበሉ።

ዘዴው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአዋቂው በኩል ነው። ድምፁ ከልጁ ቀድሞ ይሮጣል፤ ልጁም ማንበቡን ትቶ የሰማውን ማስተጋባት ይጀምራል። ወይም አዋቂው «እስቲ ተመልከት፣ ምን ይላል? የመጀመሪያዋ ፊደል ማናት?» እያለ ሃያ ሰከንድ ያቆመዋል፤ ቃሉ ሲገኝ ዓረፍተ ነገሩ ከልጁ ጭንቅላት ጠፍቷል። ፊደል የሚለይበት ሰዓት ሌላ ነው፤ ይህ ሰዓት የሐሳብ ሰዓት ነው። ከዚህ ጎን አንዷን አጭር አንቀጽ በተከታታይ ቀናት ሦስት አራት ጊዜ ማስነበብ ፍጥነትን ይጨምራል። በአራተኛው ጊዜ ለውጡን ልጁ ራሱ ስለሚሰማው ከእናንተ ምስጋና የበለጠ ያበረታዋል።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ማለትም አንብቦ አለመረዳት፣ የሚታከመው በጆሮ ነው። የልጅ ጆሮ ከዓይኑ ብዙ ዓመት ይቀድማል፤ ራሱ ሊያነበው የማይችለውን መጽሐፍ ሲነበብለት ይረዳዋል። ስለዚህ ማንበብ ቻለ ብላችሁ ማንበብ አትተዉለት። በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከእሱ የንባብ አቅም ሁለት ዓመት ያህል ከፍ ያለ መጽሐፍ አንብቡለት። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ወይም አራት ከባድ ቃላት አስረዱ፤ አሥራ አምስት ካስረዳችሁ ታሪኩ ሳይጀመር ያልቃል። እየሰማ ቢሥል፣ ጭቃ ቢያቦካ፣ መሬት ላይ ቢንከባለል ተዉት፤ ብዙ ልጅ እጁ ሥራ ሲይዝ ጆሮው የተሻለ ይሰማል። ምዕራፍ ሲያልቅ ሳይሆን ነገሩ ሲጦዝ አቁሙ፤ መጽሐፉንም እጁ በሚደርስበት ቦታ ተዉት።

አሁን ቤት የምታስተምሩትን ብቻ ወደሚመለከት ነገር ልምጣ። በቤት ትምህርት መምህሩም ወላጁም አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ትምህርት ይሆናል። ልጅቷ ስለ ዓሣ ነባሪ መጽሐፍ አንስታ ስታገላብጥ «ጎበዝ! እስቲ ስለ አጥቢ እንስሳት አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ይመጣል። ሁለተኛ ፊታችሁ መጽሐፍ አታነሣም፤ እውነቷን ነው። የትምህርት መጽሐፍና የራሷ መጽሐፍ ሰዓታቸውም ቦታቸውም ይለይ። የትምህርቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠዋት፣ ከጥያቄና ከጽሑፍ ጋር። የራሷ የትም፣ ያለ ጥያቄ። ስለ እሱ ማውራት ካማራችሁ መጽሐፉን እናንተም አንብቡትና እንደ ጓደኛ አውሩ፦ «ያ ሰውዬ ለምን እንደዋሸ እኔ አልገባኝም» በሉ። መልስ የምታውቁትን ጥያቄ ስትጠይቁ ልጆች ፈተና መሆኑን ወዲያው ይለዩታል።

ሽልማትንም እዚሁ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስበት የተባሉ ተመራማሪዎች በባለቀለም ብዕር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሉት፤ ሌሎቹ ግን ምንም አልተነገራቸውም። ከቀናት በኋላ ብዕሩ እንደፈለጉ እንዲጠቀሙበት ሲቀርብላቸው፣ ሽልማት ተነግሯቸው የነበሩት ከሌሎቹ ያነሰ ሣሉ። የተጠኑት መሣሉን ቀድሞውኑ የሚወዱ ልጆች እንደነበሩ አትርሱ፤ ስለዚህ ማንበብ መውደድ የጀመረን ልጅ በገጽ ብዛት መሸለም ኪሳራው የበለጠ ነው። «20 ገጽ ካነበብክ ስልክ ትወስዳለህ» ማለት ደግሞ ማንበብ የሚከፈል ዕዳ፣ ስልክ ደግሞ ውዱ ነገር እንደሆነ በግልጽ መናገር ነው። በንባብ ሰዓት ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፤ የእናንተም ጭምር። ንባብን ቅጣት ማድረግንማ ማንሣትም አያስፈልግም።

ማንበብ እየቻለ ለማይከፍተው ልጅ ምርጫው ዋና ነው። ሃምሳ መጽሐፍ ጀርባውን ብቻ አሳይቶ ከሚደረደር አራት መጽሐፍ ፊቱን አዙሮ ቢቀመጥ ይሻላል፤ በየሳምንቱ ሁለቱን ቀይሩ። ምዕራፉ ከ4 እስከ 6 ገጽ የሆነ፣ ነጭ ቦታ የበዛበት፣ ተከታታይ ክፍል ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዴ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የተዋወቀ ልጅ ሁለተኛውን ክፍል ሲጀምር ግማሹ ድካም ቀርቶለታል። የሥዕል ታሪክ፣ የስፖርት ውጤት፣ የመገጣጠሚያ መመሪያ፣ የእንቆቅልሽ መጽሐፍ ሁሉም ንባብ ነው። «ይህ እኮ ቁም ነገር የለውም» ስትሉ ልጁ የሚሰማው «አንተ የምትወደው ቁም ነገር የለውም» የሚል ነው። 20 ገጽ አንብቦ ካልጣመው ያለ ማብራሪያ ይተወው፤ እናንተስ የማትወዱትን መጽሐፍ ትጨርሳላችሁ? አንዱኑ መጽሐፍ አምስቴ መድገምም ወደ ኋላ መሄድ አይደለም፤ ፍጥነት የሚገኘው በዚያ ነው።

ከሁሉም መጽሐፍ ለሚሸሽ፣ በተለይ ገና ለጀማሪ፣ የራሱን መጽሐፍ ሥሩለት። አራት ወረቀት ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፉ፤ 16 ገጽ ይወጣል። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱና በክር ስፉት። ልጁ ስላየው ነገር ይናገር፣ እናንተ እንደተናገረው ጻፉ፤ ሰዋስው አታርሙ፣ በአንድ ገጽ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አታብዙ፤ ሥዕሉ የእሱ ነው። ቃሉ ሁሉ የራሱ ስለሆነ የማያውቀው ቃል አይገጥመውም። አንድ ችግር አለ፦ በሁለተኛው ቀን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ አያነበውም። ይህን ለማወቅ ዓረፍተ ነገሮቹን በሌላ ወረቀት ገልብጣችሁ ቁረጡና አደባልቃችሁ ስጡት፤ አንብቦ በቦታቸው ከመለሳቸው አንብቧል።

ዕድሜው 12 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሚደነቃቀፍ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ክብሩ ነው። የሕፃን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አትስጡት፤ ጉዳዩ ለዕድሜው የሚመጥን፣ ጽሑፉ አጭር የሆነ ፈልጉ። ቀላል መጽሐፍ ሳያፍር የሚያነብበት አንድ መንገድ አለ፦ ለታናሹ እንዲያነብለት ኃላፊነት ስጡት። ቀድሞ ብቻውን ይለማመድበታል፤ ለምን እንደሚለማመድ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። እንግዳ ፊት ግን ጮክ ብሎ እንዲያነብ በፍጹም አታድርጉ።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ልጁን ከሌሎች ጋር ስለሚያይ መዘግየቱን ይለያል፤ ቤት ውስጥ ይህ የለም፣ ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀን፣ የተነበበው ገጽ፣ ያቆሙት ቃላት፣ የደቂቃው ብዛት፤ አንድ መስመር ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ከላይ ያልኩትን የስሕተት ቆጠራ በአዲስ ጽሑፍ ድገሙና ውጤቱን ጻፉ። መጽሐፍ ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን፣ መስመር የሚዘል፣ ሲያነብ ራሱን የሚያመው ልጅ ዓይኑ ይታይለት፤ ሩቅ አጥርቶ ማየቱ ቅርብም አጥርቶ ለማየቱ ማስረጃ አይሆንም። ተመሳሳይ ድምፆችን ደጋግሞ የሚያምታታ ደግሞ ጆሮው። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆኖ፣ ወራት በትክክል ተሠርቶ ቆጠራው ካልተነቃነቀ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል። ይህ ከማስተዋል ማነስ ጋር የማይገናኝ፣ በቤተሰብ የሚወርድ የንባብ ችግር ነው፤ ስለዚህ ከአያት፣ ከአጎት፣ ከአክስት ማን በንባብ ይቸገር እንደነበር ጠይቁ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፊደል ገልብጦ መጻፉ ብቻውን ምልክት አይደለም። ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ማንበብ አይወድም» ከሚል ቃል ይልቅ የሦስት ወር ቆጠራና ያቆሙት ቃላት ዝርዝር ሥራውን ያቀልለታል።