ጥያቄና መልስ፦ በፍቅር ጓደኛቸው የሚጠቁ ተማሪዎችና የትምህርት ቤት ድርሻ

የወሎ መምህራንና ወላጆች ላነሷቸው ጥያቄዎች መልስ የሰጡት በደሴ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ናቸው።

መምህር፣ ከሐይቅ፦ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የፍቅር ጓደኛዋ እንደሚመታት ነገረችኝ። ሁለቱም ተማሪዎቼ ስለሆኑ ጠርቼ ላስታርቃቸው?

መልስ፦ አያስታርቋቸው። ሽምግልና ወሎ የሚኮራበት ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን እኩል መናገር ለሚችሉ ባላጋራዎች እንጂ ለፈሪና ለአስፈራሪ አይሆንም። እሱ ፊት «ምን አደረገሽ?» ብትባል «ምንም» ትላለች፤ ከቢሮዎ ስትወጣ ደግሞ መናገሯን ያወቀው ልጅ በር ላይ ይጠብቃታል። «አብሽሪ፣ ያልፋል» ብለውም አይሸኟት። ለብቻዋ ያድምጧት፤ ክፍል ወይም ፈረቃ መቀየር ካስፈለገም የሚዛወረው እሱ ይሁን። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ከሆነችና ኪራዩን የሚከፍልላት እሱ ከሆነ፣ «ተለዪው» ማለት ማደሪያ ማሳጣት ስለሆነ ከምክር በፊት ማደሪያዋን ይጠይቁ።

መምህርት፣ ከኮምቦልቻ፦ ስልኳን እየነጠቀ መልእክቷን የሚያነብስ?

መልስ፦ እሱም ጥቃት ነው። የላከላትን የማስፈራሪያ መልእክት እንዳታጠፋው ይንገሯት።

ወላጅ፣ ከመርሳ፦ ተማሪን ከፍቅር ምን አገናኘው? ሁለቱንም ማባረር ነው።

መምህርት፣ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የተናገረችዋን ካባረርን ነገ የምትደበደበው ልጅ ለማን ትናገራለች?

ወላጅ፣ ከመርሳ፦ ለአባቷ!

መልስ፦ አባቷን የምትፈራ ስንት አለች! ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

መምህር፣ ከወልዲያ፦ አስገድዷት ከሆነስ?

መልስ፦ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ብትችል ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሷም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል። ታጥባ ከሆነም ከመሄድ አትቅር።

ርዕሰ መምህር፣ ከከሚሴ፦ ቤተሰቦቹ «ያግባት» ካሉ በሽማግሌ ብንጨርሰውስ?

መልስ፦ ለሐይቁ መምህር የመለስኩትን ሳያነቡ ነው የጠየቁኝ። አታስታርቁ፤ አታጋቡም። ጠልፎ ያገባ ሰው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ደግሞ ጋብቻው ራሱ ወንጀል ነው።

መምህር፣ ከሐይቅ፦ የሚመታው ተማሪስ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ይህን ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ያቅርቡት። ብቻ ውሳኔው በጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳይነበብ፤ የእሱ ስም ሲጠራ የማን ጓደኛ እንደነበር ሰልፉ ሁሉ ያውቃል።