አናጺውን ጠይቁ፦ የእናቴን ቡፌ 4ኛ ፎቅ በምን ላውጣው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ በሚቀጥለው ወር ከጉለሌ ጠቅልላ ወደ እኔ ትመጣለች። «ያለ ቡፌዬ ንቅንቅ አልልም» ብላለች። ቡፌው የዋንዛ ነው፤ ሲጋቡ አባቴ ያሠራላት። ፍሪጅም አለ። እህቴ ከሜሪላንድ ሁለት ብርቱካናማ የዕቃ ማንሻ ቀበቶዎች ልካልኛለች። ጫፋቸው ላይ ክንድ የሚገባባቸው ቀለበቶች አሏቸው። ሁለት ሰው በዚህ ፍሪጅ አንስቶ ይሄዳል ትላለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ እንችለዋለን? ወይስ ጫኝና አውራጅ ልጥራ? እኔ ከወለድኩ ወዲህ ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ቀበቶውን አንቺ አታጠልቂም። ወገብሽ አስቀድሞ መልስ ሰጥቶሻል። ከወንድምሽ ጋር ቁመቱ የሚቀራረብ አንድ ጠንካራ ሰው ፈልጊ። ላንቺም ሥራ አለሽ፣ እመጣበታለሁ።

እኔ እንጨት ስሠራ 26 ዓመቴ ነው። የሠራሁትን አልጋና ቁምሳጥን ደንበኛ ቤት የማደርሰውም ራሴ ነኝ። ኮንዶሚኒየም ሲበዛ ሥራው ደረጃ መውጣት ሆነ፤ አብዛኞቹ ባለ 4 ፎቅ ናቸው፣ አሳንሰር የላቸውም። ያኔ የምንይዘው በእጃችን ነበር። አንድ ቀን ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ከሥሩ ይዘን 3ኛ ፎቅ ላይ ስንታጠፍ የረዳቴ ጣት በእንጨቱና በግድግዳው መሀል ቀረ። እሱ ሲጮህ ሸክሙ በሙሉ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ። ወገቤ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። 3 ሳምንት መላጊያ አልያዝኩም። የረዳቴ ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ቀበቶው ዕቃውን አያቀለውም። 80 ኪሎ የሆነ ፍሪጅ ቀበቶ ቢገባበትም 80 ኪሎ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በተሻሻለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ቀመር፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ አንድ ሰው በእጁ እንዲያነሳ የሚመከረው እስከ 23 ኪሎ ነው። እንግዲህ አስቢው። ቀበቶው የሚለውጠው አያያዙን ነው። ዕቃን ከሥሩ ለመያዝ ሰው ይጎነበሳል፣ በጣቱ ይንጠለጠላል። ቀበቶ ሲኖር ከሥር የሚያልፈው ቀበቶው ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚያነሳውም ጭኑ ይሆናል። ጣት ግድግዳ መሀል አይቀርም። እኔ በዚያን ቀን ቢኖረኝ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

መጀመሪያ ግን ቡፌውን አቅልሉት። ብርጭቆና ሳህን ብቻ አይደለም፤ መሳቢያውን፣ መስታወቱን፣ ከተቻለ በሮቹንም አውጡ። ከዚያ ጀርባውን እዩት። የድሮ ዋንዛ ቡፌ ብዙ ጊዜ ሁለት አካል ነው፤ ላይኛው ባለ መስታወቱ ታችኛው ላይ ተቀምጦ በብሎን ይያዛል። ብሎኑን ከፈታችሁ ሁለት ቀላል ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው። ብሎኖቹን በላስቲክ ጠቅልለሽ መሳቢያው ውስጥ በፕላስተር ለጥፊያቸው።

አሁን አጠላለቁን ልንገርሽ። ሁለቱ ሰዎች በቡፌው አጭር ጎኖች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ሁለቱ ቀበቶዎች በርዝመቱ፣ ከሆዱ ሥር ጎን ለጎን ያልፋሉ። እግሮቹ ቀጫጭን ከሆኑ ቀበቶው እግሮቹን እንዳይገፋ፣ ገላውን ብቻ ይያዝ። ፍሪጅ ሲሆን ግን ቁመቱ ስለሚረዝምና ስለሚወዛወዝ ቀበቶዎቹን ከሥሩ አመሳቅሏቸው። ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጫፍ ከአንድ በላይ ቀለበት አለ። ወደ መሀል የቀረበው ቀለበት ቀበቶውን ያሳጥራል፣ ጫፍ ላይ ያለው ያስረዝማል። ቀለበቱ ክንድ ላይ፣ ወደ ክርን ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። የእጅ አንጓ ላይ አይሁን፣ ጨርሶ አይጠምጠም። ሰዓትና የጣት ቀለበት ይውለቅ፣ ረጅም እጅጌ ይለበስ፤ ባዶ ክንድ ላይ ቀበቶው ያበልዛል። መዳፋቸው ዕቃውን ደገፍ ያደርጋል እንጂ አይሸከምም። ቁጢጥ ብለው ቀበቶውን ያወጥሩታል፣ ከዚያ በጉልበታቸው አብረው ይነሳሉ። ወለል ላይ 5 ሳንቲም ከፍ ካለ ይበቃል። ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ አንድ ሁለት ጊዜ ይለማመዱ። የመጀመሪያ ልምምዳቸው ደረጃ ላይ እንዳይሆን አደራ።

ደረጃው የባሰው ነው። እዚያ ዕቃው ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ ታች ወዳለው ሰው ያመዝናል። ስለዚህ ረጅሙና ጠንካራው ከታች ይሁን። የታችኛው በአጭሩ ቀለበት ይያዝ፣ የላይኛው በረጅሙ፤ ያኔ ቡፌው በመጠኑም ቢሆን ተስተካክሎ ይሄዳል። የላይኛው የኋሊት ነው የሚወጣው። የሚረግጠውን አያይም። እንግዲህ ያንቺ ሥራ ይኸውልሽ። ከላይ ሆነሽ «አንድ ደረጃ ቀረ፣ ቁም፣ ወደ ግራ» የምትዪው አንቺ ነሽ። ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ጎረቤቱ ሁሉ ከጮኸ ሸክም ላይ ያለው ሰው ማንን እንደሚሰማ አያውቅም። ከታችኛው ተሸካሚ ኋላ ማንም አይቁም። በተለይ ልጆች።

ደረጃው በየፎቁ መሀል ከታጠፈ እስከ 4ኛ ስምንት ጊዜ ታርፋላችሁ። ሁሉም ላይ አሳርፏቸው፣ ባይደክማቸውም። ቀድመሽ ደግሞ የቡፌውን መቀመጫ ልክ ካርቶን ቁረጪና ይዘሽ ውጪ። መታጠፊያው ላይ አዙሪው። ካርቶኑ ካልዞረ ቡፌውም አይዞርም። ያን ጊዜ ከፍ አድርጎ ከደረጃው ብረት በላይ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ እዩ። በበረንዳ በገመድ የሚያወጡ አሉ፤ ይህ ቀበቶ ግን ለዚያ አልተሠራም፣ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።

አንዱ ሚዛኑን ከሳተና ቡፌው መንሸራተት ከጀመረ ክንዳቸውን አውጥተው ይልቀቁት። ይህን ከመነሳታቸው በፊት ተነጋገሩበት። ዋንዛ ይጠገናል፤ ተሰንጥቆ ከመጣልኝ በነፃ እሠራዋለሁ። ትከሻ ላይ እንደ ቦርሳ የሚታጠቅ ሌላ ዓይነት ቀበቶም አለ። ለሜዳ ወለል ጥሩ ነው፣ ጉልበትም ይቆጥባል። ደረጃ ላይ ግን አልወደውም፤ ዕቃው ሲወድቅ አብሮ የታሰረ ሰው ቶሎ ማምለጥ አይችልም።

ፍሪጁን ከአንድ ቀን በፊት ንቀሉት፣ በረዶው ይሟሽሽ፣ ውሃው ይድረቅ። ሞተሩ ከኋላ ከታች ስለሆነ በዚያ በኩል ይከብዳል። ቀበቶው ቧንቧዎቹን እንዳይጫን ተጠንቀቁ። እንደ ቆመ ይጓዝ። የግድ ከተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ሊገባ ስለሚችል ቆሞ እስከ 24 ሰዓት ሳትሰኩ ቆዩ።

ጫኝና አውራጅ ብትጠሪም አላፍርብሽም። ሁለተኛ ጠንካራ ሰው ካላገኘሽ እንዲያውም ጥሪ። ዋጋውን ግን ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ተስማሚ፣ ፎቁንም ንገሪያቸው። ቀበቶውን ስጫቸው፤ ካልፈለጉት አታስገድጃቸው፣ በለመዱት ይሥሩ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ቀበቶ ከውጭ የሚልክልኝ የለም። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ የመኪና ወንበር ቀበቶ ገዝቼ ሠፈር ልብስ ሰፊ ጋ ቀለበት ባሠራበት ይሆናል? (ከአዲሱ ገበያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨርቁ ይችላል። የማይችለው ስፌቱ ነው። እኔም አሠርቼ ነበር። በልብስ ክር ሁለት መስመር ተሰፍቶ፣ አልጋ ስናነሳ ገና ከመሬት ሳይርቅ ተተረተረ። ለልብስ ሰፊ አትስጠው። ድንኳን ወይም ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ሂድ፣ በወፍራም የናይለን ክር፣ ጨርቁን ረዘም አድርጎ ደርቦ፣ አራት ማዕዘን ዙሪያውንና መሀሉን በመስቀል ይስፋው። ከዚያ ከምታነሳው ዕቃ የከበደ ጆንያ አሸዋ ከመሬት ጥቂት ሳንቲም ብቻ አንስተህ ፈትነው። ጠርዙ የተበላ ወይም ፀሐይ ቀለሙን የበላው ቀበቶ ከሆነ ከመጀመሪያውም አትግዛው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን ወደ ሌላ ክፍል ላዛውረው ፈልጌ ነበር። በቀበቶው ብቻዬን ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ወንድሜ። ይህ ቀበቶ ለሁለት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሲሽከረከር እንዳይዘል ውስጡ ብዙውን ጊዜ የሲሚንቶ ብሎክ አለው፤ ከ70 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ከመልኩ ይከብዳል። ጓደኛ ጥራ። ውሃውን ዝጋ፣ ከታች ባለችው ማጣሪያ የቀረውን ውሃ አፍስስ። ስትገዛው ከበሮውን ይዘውት የነበሩት ረጃጅም ብሎኖች ካሉህ መልሰህ እሰራቸው። እስከ በሩ ድረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀበቶም አያስፈልግ፤ ፊቱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ከሥሩ አስገቡና ሁለት ሆናችሁ ወለሉ ላይ ጎትቱት።